ከግማሽ በፊት ያቋረጠ ተጫዋች

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

እኔ፣ የዚህ ደብተር ባለቤትና የቼዝ ማኅበሩ የቴክኒክ ጸሐፊ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ አእምሮዬ ሙሉ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ኃጢአት እናዘዛለሁ። ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ የጥርስ ሐኪሙ የኢንተርኔት መስመር ተቋረጠ። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሰዓቱን ወዲያው ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብዬ ሻዬን ጠጣሁ።

ምክንያት፦ ዐምና መንጋጋዬን ሲነቅል "ምንም አያምሽም" ብሎኝ ነበር።

ሁለት ደቂቃ ለአንድ መንጋጋ... እንዲያውም ራርቼለታለሁ።

(ማሳሰቢያ ለራሴ፦ እዚህ ደብተር ውስጥ አንቱታ የለም። ሽማግሌዎቹን በሙሉ ማዕረጋቸውን በር ላይ አስቀምጬ ነው የማስገባቸው። ፊት ለፊት "እርስዎ"፣ እዚህ "እሱ"።)

ነገሩ እንዲህ ነው። የማኅበሩ ክፍል ጣሪያ ማፍሰስ ስለጀመረ የዘንድሮው ውድድር በኢንተርኔት ይሁን ተባለ። ስምንት ተጫዋቾች፣ ለእያንዳንዳቸው ሰባት ጨዋታ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ሁሉም ከየቤታቸው። ከስምንቱ አምስቱ ኮምፒውተር ሲበራ "ማን ነካው?" የሚሉ ናቸው። ስለዚህ ሰብሳቢው፣ ማለትም አባባ፣ ማለትም ሠላሳ ዓመት ርዕሰ መምህር የነበረው የእናቴ አባት፣ የልጅ ልጁን ሾመ።

"ሹመት ነው" አለኝ።

"ሥራ ነው" አልኩት።

"ስታድጊ ሁለቱ አንድ መሆናቸው ይገባሻል።"

ግን ሥልጣን አለው! እኔ ስክሪን ላይ ብቻ፣ ከየተጫዋቹ ስም ጎን ትንሽ መብራት አለች። አረንጓዴ ከሆነች ሰውየው መስመር ላይ ነው። ቀይ ከሆነች ተቋርጧል። ተጫዋቾቹ አያዩዋትም። ቀይ ስትሆን ሰዓቱን አቆማለሁ፣ መዝገቡ ላይ "ተቋርጧል" ብዬ እጽፋለሁ፣ አሥር ደቂቃ ይጠበቃል። አረንጓዴ ሆኖ ዝም ያለ ግን የራሱ ጉዳይ። ለጨዋታው የተሰጠው ሠላሳ ደቂቃ ሲያልቅበት ተሸነፈ።

ደንቡን ያረቀቅኩትም እኔ ነኝ። አንቀጽ ዘጠኝን በተለይ እወደዋለሁ፦ "የጨዋታዎቹን ግማሽ፣ ማለትም አራት፣ ሳይጨርስ ያቋረጠ ተጫዋች ውጤቱ በሙሉ ይሰረዛል፤ እንዳልተጫወተ ይቆጠራል።" አንዱ መጥቶ ሁለት ሰው አሸንፎ፣ ለአንዱ ተሸንፎ ቢጠፋ ሳይደርሳቸው የቀሩት ምን ይሁኑ? ስለዚህ ከነአካቴው እንዳልነበረ። አባባ ሁለቴ አነበበውና "ጨካኝ ነው፤ ግን ፍትሐዊ ነው" አለ። ያን ቀን አንገቴ አንድ ስንዝር ረዘመ።

የዛሬ ውጤት፦ እትዬ ልብስ ሰፊውን ድባቅ መታችው። እትዬ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነች፤ ከስምንቱ ብቸኛዋ ሴት። የሰፈሩን ግማሽ ያዋለደች። እኔንም በእግሬ ስመጣ እሷ ነች አገላብጣ ያወጣችኝ፤ ከዚያ ወዲህ "ግልብጧ" ብላኝ ቀረች። ጨዋታው እንዳለቀ ልብስ ሰፊው ጋ ደወለች አሉ፦ "ባለፈው ቀሚሴን ያጠበብክብኝን አጠበብኩብህ፤ እኩል ነን።"


የካቲት 8፣ ቅዳሜ

እትዬ ከአባባ ጋር። አባባ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ። ("ጸሐፊ ከተጫዋች ጋር አይቀመጥም።" የራሱ አንቀጽ ነው። የቤቱ ዋይፋይ ግን አንድ ነው፤ እሱን አንቀጽ አላደረገውም።)

ፈረሱን በላችበት። ግንቡን ጥግ አስያዘችው። ከዚያ... ቆመች።

አንድ ደቂቃ። ሁለት። እትዬ እኮ አስባ አታውቅም! እጇ ከአፏ ይፈጥናል፤ አፏ ደግሞ ከሰው ሁሉ። መብራቷን አየሁ፤ አረንጓዴ። ሦስት ደቂቃ። መብራቷ ተሳስታለች ማለት ነው ብዬ ሰዓቱን አቆምኩና "ተቋርጧል" ብዬ ጻፍኩ። በአራተኛው ደቂቃ ወታደሯን ገፋች። ምንም እንዳልተፈጠረ። ከዚያ አባባን አሸነፈችው።

እራት ላይ አባባ፦ "ስክሪኑ ያንጸባርቃል።"

እማዬ፦ "መጋረጃው ተዘግቶ ነበር እኮ፣ አባዬ።"

"መጋረጃው ራሱ ያንጸባርቃል።"

ሳቄን ከውኃ ጋር ዋጥኩት። በኋላ ለእትዬ ደወልኩላት።

"እትዬ፣ መስመሩ ሄዶብዎት ነበር?"

"የምን መስመር?"

"መሃል ላይ... አራት ደቂቃ ቆሙ እኮ።"

"አያትሽ ነው የቆመው! እኔማ እሱን ስጠብቅ እንቅልፌ ሊመጣ ምንም አልቀረውም።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ዘግቼ ጨዋታውን መልሼ አየሁት።

ተራው የእሷ ነበር።


የካቲት 9፣ እሑድ

መብራቷን ፈተንኳት። በእማዬ ስልክ እንደ ተጫዋች ገባሁ፣ ዋይፋዩን አጠፋሁ። በሦስት ሰከንድ ቀይ። አበራሁ፤ አረንጓዴ። ስድስት ጊዜ ደጋገምኩት።

አትሳሳትም።

እና?


የካቲት 10፣ ሰኞ

ከትምህርት ቤት ስመለስ "ዋይፋይዎን ላይልዎት" ብዬ እትዬ ጋ ሄድኩ። ሕንፃው ምድር ላይ የልጇ ፋርማሲ ነው። ልጅቷ (ልጅቷ እላለሁ፣ ሃምሳ ሊሞላት ነው) ማታ ማታ ከተማው ማዶ ወዳለው ቤቷ ትሄዳለች። እትዬ ሦስተኛ ፎቅ ብቻዋን ናት።

ወጥ ቤት የድሮዋ የሕፃን ሚዛን አለች፤ ላይዋ ላይ ሽንኩርት። "ሦስት ኪሎ ተኩል፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው" አለችኝ ወደ ሽንኩርቱ እያሳየችኝ። ሳቄ መጣ። ዋይፋዩን አየሁት፤ ጤነኛ ነው። ከእኛ ቤቱ ይፈጥናል።

በረንዳው ላይ ግን ድስቶች ተደርድረዋል። አራት። ውስጣቸው ከሰል የመሰለ። አንደኛው ገና ይሸታል።

"ይሄ ሁሉ ምንድነው?"

"ድስት ነው። አይተሽ አታውቂም?"

"አሯል እኮ።"

"ወተት ጥጄ... ዞር ብዬ ነው።"

"የት ዞር ብለው?"

እትዬ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ቤት ውስጥ ከእኔና ከሽንኩርቱ በቀር ማንም የለም እኮ!

"ግልብጧ... አንዳንዴ አፍታ ታመልጠኛለች። ደረጃ ስትወጪ አንደኛውን ረግጠሽ ሦስተኛው ላይ ራስሽን ብታገኚው? እንደዚያ። ሁለተኛውን ማን ወሰደው? አላውቅም።"

"ለልጅዎ ነገሯት?"

"አብደሻል? ነገ ጠዋት ቤቴን ቆልፋ ነው የምትወስደኝ። እሷ ቤት ሄጄ ቴሌቪዥን ላይ አፈጥጬ ልሙት?" ጣቷን አነሳች። "አራቷን ጨዋታ ልጨርስ። ሁለቱን ጨርሻለሁ፣ ሁለት ቀረኝ። ከዚያ ራሴ እነግራታለሁ።"

"ለአራት ጨዋታ ብለው?"

"አርባ ዓመት አዋልጄአለሁ፣ የኔ ልጅ። መዝገቡን ገልጠሽ ብታይ በየገጹ የሐኪሙ ስም ነው ያለው። ሐኪሙ እኮ አብዛኛውን ጊዜ ሲነጋ ነበር የሚመጣው! አሁን በእርጅናዬ አንድ መዝገብ ላይ ስሜ ተጽፏል፤ አያትሽን አሸነፈች ይላል። ይቺን አንቀጽሽን አንብቤአታለሁ። 'እንዳልተጫወተ ይቆጠራል።' ማን ነው ያረቀቃት?"

"...እኔ።"

"እጅሽ አይባረክ። ሙች በይኝ በይ፤ ለማንም አትነግሪም።"

"አባባ ይሙት" አልኩ።

(ይቅርታ አባባ።)


የካቲት 11፣ ማክሰኞ

እትዬ ከጥርስ ሐኪሙ ጋር። አምስት ደቂቃ ቀርቷት ነበር። ንጉሡን አፍናዋለች፤ ሁለት እርምጃ ብቻ። አፌን ከፍቼ ጠበቅሁ።

ቆመች።

አረንጓዴ። አራት ደቂቃ ቀራት። አረንጓዴ። ሦስት። ስሟን ስክሪኑ ላይ እያየሁ "ንኪው፣ ንኪው፣ ንኪው" እላለሁ። ሁለት። አንድ። ሃያ ሰከንድ ሲቀራት ጣቴ ቁልፉን ተጫነ። ሰዓቱ ቆመ። "ተቋርጧል" ብዬ ጻፍኩ። በዚህኛው መብራቷ ተሳስታ ይሆናል አላልኩም። እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።

በድምሩ ስድስት ደቂቃ። ከዚያ መጣች፤ ንግሥቷን ሳበች፤ ጨረሰችው።

ሐኪሙ ወዲያው ደወለ።

"አንቺ ልጅ! የዚች ሴትዮ መስመር የሚቋረጠው ሰዓቷ ሊያልቅ ሲል ነው?"

"አጋጣሚ ነው፣ ዶክተር።"

"ባለፈው ቅዳሜም አጋጣሚ፣ ዛሬም አጋጣሚ! ስድስት ደቂቃ ሙሉ 'ቀጥሎ ምን ልጫወት?' ብላ ሌላ ኮምፒውተር ጠይቃ እንደሆነስ? አንቺ በምን ታውቂያለሽ?"

"እትዬ እኮ አንዱንም ኮምፒውተር በግድ ነው የምትችለው... የሚችሉት።"

"ለማኅበሩ አቀርባለሁ።" ጠረቀመው።

የሚያናድደው ምን እንደሆነ ልጻፍ? ልክ ነው። ሌላ ኮምፒውተር አልጠየቀችም፤ ግን ጨዋታው የእሱ ነበር። ሰውየው ስለማይጥመኝ ከእሱ ወስጄ ለእሷ መስጠት ጽድቅ መሰለኝ። መንጋጋዬን በሕጋዊ መንገድ ነው የነቀለው፤ እኔ ግን...

አራት ደቂቃ ነበር። አሁን ስድስት ሆነ።

ቀጥሎስ?


የካቲት 13፣ ሐሙስ

ማኅበሩ እኛ ሳሎን ተሰበሰበ። አባባ ክራቫት አድርጓል። በገዛ ቤቱ!

ሐኪሙ ተነስቶ አሥር ደቂቃ ተናገረ። ሲናገር አፍ እንጂ ፊት አያይም፤ የሥራ ጠባይ ነው። መጨረሻ ላይ ሐሳቡን አቀረበ፦ ከእንግዲህ በመስመር መቋረጥ ምክንያት ሳያልቅ የቀረ ጨዋታ እንደተጫወቱት አይቆጠር። ከአራቱም ውስጥ አይገባ።

ልብስ ሰፊው እጁን አወጣ። "እንበል አንድ ሰው... ዝም ብዬ ነው እንበል የምለው... ሦስት ሰው አሸንፎ አራተኛው ላይ መስመሩ ሄዶ ቀረ። ይሰረዛል?"

"ይሰረዛል" አለ ሐኪሙ።

"ያሸነፋቸው ሰዎችም አልተሸነፉም ማለት ነው?"

"ከእሱ ጋር እንዳልተጫወቱ ነው።"

"እሱስ ይሻላል" አለ ልብስ ሰፊው፤ ተቀመጠ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ስለነበር "ሳቅ" ብዬ ጻፍኩ።

ድምፅ ተሰጠ። መጀመሪያ እጃቸውን ያነሱት ሦስቱ ማን ማን ናቸው? ልብስ ሰፊው። ሐኪሙ። እና አባባ። አባባ ሲያነሳ ወደ እኔ አላየም።

እትዬ ጥግ ላይ ሻርፗን ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። አራተኛዋ እጅ የእሷ ነበረች፤ ከዚያ የቀሩትም ተከተሉ፣ ጸደቀ። "ምን ታዩኛላችሁ? የእኔ መስመር ደህና ነው" አለች። "ቅዳሜ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ነኝ። አራተኛዬን ላጭቼው እመለሳለሁ።"

ስትወጣ ደረጃው ላይ ክንዷን ያዝኩ። አንዱን ረገጠች። ቆመች። እግሯ አየር ላይ። ቆጠርኩ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥራ አንድ። ከዚያ አወረደችው።

"ምን ትጨምቂኛለሽ፣ ሎሚ መሰልኩሽ?" አለችኝ።

ሳቅሁ። እጄ ግን አልላላም።


የካቲት 14፣ ዓርብ

ፋርማሲው ሦስት ጊዜ ገባሁ። ልነግራት። ልክ አፌን ስከፍት "ምን ልስጥሽ?" ትለኛለች። አሁን ያለኝ ንብረት፦ አንድ የጉሮሮ ከረሜላ፣ አንድ ፕላስተር፣ አንድ የሳል ሽሮፕ። አልሳልኩም፣ አልቆሰልኩም።

በሦስተኛው እሷው ጠራችኝ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ።

"ነይ እስኪ። አንቺ አይደለሽ የኢንተርኔቱ ሰው? እናቴ ጋ ስደውል መሃል ላይ ጭልጥ ትላለች። 'እማዬ፣ እማዬ' እላለሁ... ዝም። ከዚያ ካቆመችበት ትቀጥላለች። መስመሩ ነው አይደል?"

ዓይኗ "አዎ በይኝ" ይላል። እንዲህ ለምኖ የሚያይ ትልቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

አባባ ይሙት ብያለሁ። አንድ ቀን ነው የቀረው። አንድ ጨዋታ።

"መስመሩ ነው" አልኩ። "በዚህ ሰሞን በጠቅላላው መጥፎ ነው።"

"ተመስገን" አለች።

ተመስገን አለች እኮ...


የካቲት 15፣ ቅዳሜ

አሥራ አራት ደቂቃ።

ዛሬ መጻፍ አልችልም።


የካቲት 16፣ እሑድ

በተራ ልጻፈው። በተራ ካልጻፍኩት ራሴን ደህና ሰው አድርጌ ነው የማስታውሰው።

ጨዋታው በደንብ ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ሁለት ወታደር ተበልቶበታል። እትዬ አሥራ አራት ደቂቃ ሲቀራት ቆመች። አረንጓዴ።

ሰዓቱን አላቆምኩም። ሐቀኛ ስለሆንኩ እንዳይመስለኝ! ሒሳብ ሠርቼ ነው። "ተቋርጧል" ካልኩና ካልተመለሰች ጨዋታው አይቆጠርም፤ ሦስቱ ድሏም ይሄዳል። ዝም ካልኩ ግን ሰዓቷ ያልቃል፣ ትሸነፋለች፣ አራተኛው ተቆጠረ፣ ስሟ ቀረ። ልክ ነው አይደል ሒሳቡ? ጎበዝ ነኝ አይደል? ቁጭ ብዬ ቁጥሩ ሲቀንስ አየሁ። አሥራ ሁለት። አሥር።

ፀጉር አስተካካዩ ጻፈ፦ "እትዬ፣ ተኙ እንዴ?"

ከሦስት ደቂቃ በኋላ ቀልዱን ተወና ጻፈ፦ "እትዬ?"

ስምንት ደቂቃ ሆነ። እንዲህ ቆይታ አታውቅም። ደወልኩ። ይጠራል። ይጠራል። ከእኔ በቀር ያቺ አረንጓዴ መብራት ምን ማለት እንደሆነች የሚያውቅ አንድ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ዘጠነኛው ላይ በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ሁለት መንገድ ነው። አንዱ ጫማ የሆነ ቦታ ቀረ።

ፋርማሲስቷ ለአንድ ሰውዬ ክኒን እየቆጠረች ነበር። "ምን ልስጥሽ?" አለችኝ።

"መስመሩ አይደለም" አልኩ።

ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ክኒኑ ተበተነ። ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ወጣች።

እትዬ ወንበሯ ላይ ነበረች። ቀኝ እጇ ማውሱ ላይ። ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ተከፍቶ። አፏ ወደ አንድ በኩል ተጎትቷል። ሻዩ ቀሚሷ ላይ ፈስሶ በርዶ ነበር፤ እሷ አላወቀችም። ልጇ "እማዬ" አለች። ዝም። እኔ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰዓቱን ነበር የማየው። ሁለት ደቂቃ ከአሥር። ሁለት ከዘጠኝ። ሁለት ከስምንት።

አምቡላንስ እየጠበቅን ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ። "ነጭ በሰዓት ተሸነፈ።" ነጭ እሷ ነበረች።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀት ይዞ መጣ። "መቼ ነው የጀመራት? ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ? በየጊዜው ስንት ደቂቃ?"

"ኧረ ከዚህ በፊት ምንም..." አለች ልጇ። "ስልክ ላይ ዝም ትል ነበር፤ እሱ ግን የመስመር..."

አልጨረሰችውም። ዞራ አየችኝ።

ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።


የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

ጠዋት ልጇ ደወለች። እትዬ ዓይኗን ትከፍታለች፤ አትናገርም። ቀኝ እጇ አይንቀሳቀስም። እትዬ ሳትናገር... አላስችል አለኝ። ልጇ አልተቆጣችም። እንደ ማዘዣ ወረቀት አነበበችልኝ፦ "የሆስፒታሉ ሐኪም ዛሬ ማታ ይፈልገዋል። የምታውቂውን ሁሉ። ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ። እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ።"

"እሺ" አልኩ።

"ዓርብ ብትነግሪኝ..." አለችና ተወችው። ተወችው እንጂ እኔ ጋ አላለቀም። ከጠዋት ጀምሮ እኔ ነኝ የምጨርሰው። በየጊዜው በሌላ ቃል።

ከምሳ በኋላ ደግሞ ሦስቱ መጡ። አባባ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ልብስ ሰፊው። ጉንጫቸውን ይዘው "ምስኪን፣ ምስኪን" ተባባሉ። ሐኪሙ አበባ ልኮላታል፤ አልዋሽበትም። ከዚያ ግን ደንቡን አወጣ።

"ሐዘን ሌላ፣ ውድድር ሌላ። አራተኛው ጨዋታ መስመር ተቋርጦ ነው የቀረው። አይቆጠርም። ስለዚህ በአንቀጽ ዘጠኝ..."

"አልተቋረጠም" አልኩ። "አረንጓዴ ነበረች። በሰዓት ነው የተሸነፈችው። የተሸነፉት። አራቱን ጨርሰዋል።"

"ከአባትሽ አባት... ይቅርታ፣ ከእናትሽ አባት ጋር ሲጫወቱ ተቋርጧል አልሽ። ከእኔ ጋር ተቋርጧል አልሽ። ከሁለታችን በኋላ ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ ነው መስመራቸው የተስተካከለው?"

ልብስ ሰፊው መሬት መሬት አየ። አባባ ቀስ ብሎ ጠየቀ፦ "መዝገቡ ምን ይላል?"

መዝገቡ የሚለው እኔ የጻፍኩትን ነው። እኔ የጻፍኩት ደግሞ ውሸት ነው። ግን ከእኔ መዝገብ ጀርባ ሌላ አለ፤ ፕሮግራሙ ራሱ የሚይዘው። የእያንዳንዷን መብራት እያንዳንዷን ሰከንድ። ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም።

"እስከ አሥር ሰዓት አምጪው" አለ አባባ። "ካልመጣ በአንቀጹ ይሰረዛሉ። ሐኪሙ ልክ ነው። በቃል ብቻ አይሆንም።"

አባባ ደረጃው ላይ አንደኛ ነው አሁን። እትዬ ከተሰረዘች በአንደኝነቱ ይጸናል፤ አንድም ሽንፈት የሌለው እሱ ብቻ ይሆናል። ይህን አላለም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንደኛ ወጥቶ አያውቅም፤ ይህንንም አላለም።

እና ከፈትኩት። አንድ ወረቀት ነው፤ ለወጣቱ ሐኪምም ለሳሎኑም ያው አንድ ወረቀት። ለአንዱ ሰጥቼ ከሌላው ልደብቀው አልችልም። አራተኛው ጨዋታ አረንጓዴ ነበር ይላል፤ እትዬ መዝገቡ ላይ ትቀራለች። ሦስተኛውም አረንጓዴ ነበር ይላል፤ ያ ድል የጥርስ ሐኪሙ ነው፣ ይመለስለታል። ሁለተኛውም አረንጓዴ ነበር ይላል፤ ያኔ እንኳን ብዙ ሰዓት ነበራት፣ ባላቆመውም ታሸንፍ ነበር። አባባ የተሸነፈው በእውነት ነው። በመጋረጃው አይደለም።

ስለ እኔ የሚለውን ግን ፕሮግራሙ አይጽፈውም። እሱን ከግርጌ በእጄ መጻፍ አለብኝ።

"የካቲት 8፣ አራት ደቂቃ። መስመር ላይ ነበሩ። ተቋርጧል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መብራቷ የተሳሳተች መስሎኝ።

የካቲት 11፣ ስድስት ደቂቃ። መስመር ላይ ነበሩ። ተቋርጧል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እያወቅሁ።

የካቲት 13፣ ደረጃ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰከንድ። ያየሁት እኔ ብቻ።

የካቲት 14፣ ልጃቸው ጠየቁኝ። መስመሩ ነው አልኳቸው።

የካቲት 15፣"

እዚህ ላይ ደረስኩ። ዘጠኝ ደቂቃ ቁጭ ብዬ ቁጥር ሳይ የነበረውን በየትኛው ቃል ነው የሚጻፈው? "ዘገየሁ"? "ጠበቅሁ"? ወጣቱ ሐኪም የጠየቀው ደቂቃውን ነው፤ ምን ሳደርግ እንደነበር አልጠየቀም። እንዳትጨምሪ ተብያለሁ። እንዳትቀንሺም ተብያለሁ...

በሩ ተከፍቷል። መቼ እንደተከፈተ አልሰማሁም። አባባ ከኋላዬ ቆሞ መነጽሩን ወደ ወረቀቱ አስጠግቷል፤ ጣቱ የካቲት 8 ላይ ነው፣ ወደ ታች እየወረደ ነው። በእጄ ልሸፍነው እችል ነበር። አልሸፈንኩም።

ጣቱ የካቲት 14 ላይ ቆመ።

ስሜን ጠራኝ። ከነአባቴ ስም፣ ጥፋተኛ ተማሪ እንደሚጠራ ርዕሰ መምህር።